ሳትጠይቅ አትመልስ

(ደሴ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል የተባለውን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ከተነሱት ጥያቄዎችም ሁለቱን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሕግ ነው። ሕግ ሲባል ከወዲሁ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአንቀጽ አልጀምርም። ከወይዘሮ ወርቂት ልጀምር።

ዘመኑ 1857 ዓ.ም. ነው። ወጣቱ ምኒልክ አፄ ቴዎድሮስ ከያዙበት ከመቅደላ አመለጠ። ሸዋ ለመግባት በወሎ ማለፍ ነበረበት። ከአምባው ወርዶ የገባውም ወርቂት ግዛት ነው። ወርቂት የወሎ ገዥ ናት፤ ከቴዎድሮስ ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ከጠላቷ ያመለጠ እንግዳ ደጇ ደረሰ፣ ትቀበለዋለች። ችግሩ የወርቂት ልጅ መቅደላ ላይ መያዣ ሆኖ መታሰሩ ነው።

እናት ናት። ቴዎድሮስ አጥብቀው የሚፈልጉት ሰው እጇ ገብቷል። የእሷ ልጅ ደግሞ በቴዎድሮስ እጅ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን፣ ምኒልክን ሰጥታ ልጇን ለመቀበል አስባ ነበር። ማን ይፈርድባታል? እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች ስንቶቻችሁ ሌላ ነገር ታስቡ ነበር? ነገሩ ሳይቋጭ ግን መርዶ መጣ። ቴዎድሮስ በምኒልክ ማምለጥ ተቆጥተው ልጇን ከሌሎች የወሎ ታሳሪዎች ጋር አስገደሉት። ከዚያ በኋላ ወርቂት ምኒልክን ሰው ጨምራ ወደ ሸዋ ሸኘችው።

ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የወሎን ደግነት ለማሳየት ሲወራ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ መስማት አልቻልኩም። የምኒልክ ነፍስ የተረፈችው በደግነት ብቻ አይደለም። የሚለወጥበት ሰው በመሞቱም ጭምር ነው። ልጁ አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። የሸሸ ሰው ዕጣ ፈንታ በተቀባዩ ሆድ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ሕግ የመጣው ሰውን ከዚህ ድርድር ለማውጣት ነው።

ሕጉ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33 እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ሳይሆን በኔ አማርኛ ልንገራችሁ። አንድ ስደተኛ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ማንም መንግሥት በምንም መንገድ አይመልሰውም። በቃ።

ቤት ስጠው አይልም። ሥራ አስቀጥረው፣ ዜግነት ስጠው፣ ዕድሜ ልኩን አኑረው አይልም። አንዳንዱ በሌሎቹ አንቀጾች አለ፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። አንቀጽ 33 የሚለው ከሁሉም ያነሰውን ነው፤ ለገዳዩ መልሰህ አትስጠው። ይህንን ያህል ትንሽ ነገር ለመጻፍ ዓለም ብዙ ሕይወት ከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ1939 ሴንት ሉዊስ የምትባል መርከብ ከናዚ ጀርመን የሸሹ አይሁዶችን ይዛ ኩባ ደረሰች። 937 ሰው ነበር የጫነችው። ኩባ ከጥቂቶቹ በቀር አላስወርድም አለች። አሜሪካም ካናዳም በር ዘጉ። መርከቧ ዞራ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በናዚዎች ዘመን አለቁ። የ1951ዱን ስምምነት የጻፉት ሰዎች ይህ ሁሉ ትናንት የሆነባቸው ናቸው።

ስምምነቱ መጀመሪያ ከ1951 በፊት በሆነ ነገር ለተሰደዱ ብቻ ነበር፤ አውሮፓን አስቦ የተሰፋ ልብስ ነው። የ1967ቱ ፕሮቶኮል ያንን የጊዜ አጥር አነሳው። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን ግን ሦስተኛው ሰነድ ነው። መስከረም 10 ቀን 1969፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የራሱን የስደተኞች ስምምነት አጸደቀ። አፍሪካውያኑ ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ ስደተኛ የሚባለው በስሙ ተፈልጎ የሚሳደድ ሰው ብቻ አይደለም አሉ። የውጭ ወረራ፣ ጦርነት፣ አገሩን ወይም የአገሩን አንድ ክፍል ክፉኛ ያናጋ ሁከት ያስወጣውም ስደተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ድንበር ላይ ገፍቶ መመለስም ክልክል ነው ብለው በግልጽ ጻፉ።

የመጀመሪያውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከዚህ ከተማ ልጅ አዝላችሁ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችሁ ሰዎች እዚህ አላችሁ። ያኔ ማንም ስማችሁን ጽፎ አልፈለጋችሁም ይሆናል። ጦርነት መጣ፣ ወጣችሁ። ድንበር አቋርጣችሁ ሱዳን ወይም ኬንያ ብትገቡ ኖሮ በአዲስ አበባው ስምምነት ስደተኛ ናችሁ። ለምን እንደወጣችሁ ማስረጃ አምጡ ተብላችሁ በር ላይ አትመለሱም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ይህ ሕግ አልመልስም ከማለት በፊት አንድ ሥራ ይጠይቃል። መጠየቅ። ማን ነህ? ከምን ሸሽተህ መጣህ? ብትመለስ ምን ይደርስብሃል? ያልተጠየቀ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አይታወቅም፤ ሳያውቁ መመለስ ደግሞ ዓይን ጨፍኖ መወርወር ነው።

ይህንን ወሎዬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የነጃሺን ታሪክ ያልሰማ እዚህ አለ? የነቢዩ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገቡ። የመካ ጎሳ የሆኑት ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ስጦታ አስይዘው ላኩ፣ ሰዎቹን አምጡልን ብለው። የታሪኩን አንድ ክፍል ግን ቶሎ እናልፈዋለን። መልእክተኞቹ በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ንጉሡ ባለሟሎች ነበር። ስጦታውን አከፋፈሉና አንድ ነገር ለመኑ፤ ንጉሡ ሰዎቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክበን ምከሩልን። ብልጠታቸው እዚህ ላይ ነው። ስደተኛው አፉን ከከፈተ ጉዳዩ እንደሚበላሽባቸው አውቀዋል። ንጉሡ ተቆጣ። ሳልሰማቸው አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ቆሞ ተናገረ፣ ከቁርኣን ሱረቱል መርየምን አነበበ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ስጦታው ተመለሰ፣ ሰዎቹ ቀሩ።

አሁን ወደኛ ዘመን እንምጣ። ግንቦት 2009 እ.ኤ.አ.፣ ከላምፔዱዛ ደሴት ወደ ደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ። ከሊቢያ የተነሱ ሦስት ጀልባዎች፣ ወደ 200 ሰው። ብዙዎቹ የእኛው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች። የጣሊያን መርከቦች ደርሰው አወጧቸው። ሰዎቹ ዳንን ብለው ነበር። ስማቸውን የጠየቀ የለም። ከየት እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ወዴት እንደሚሄዱ የነገራቸውም የለም። ዕቃቸውና ወረቀታቸው ተወሰደ። አሥር ሰዓት ያህል ተጓዙና ሲያዩት ትሪፖሊ ናቸው። አንወርድም አሉ፤ በግድ አወረዷቸው፣ ለሊቢያ ባለሥልጣናት አስረከቧቸው።

24ቱ ከሰሱ፤ 11 ሶማሌና 13 ኤርትራውያን። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ጣሊያን ከተከራከረችባቸው ነገሮች አንዱ ስሙት፤ ሰዎቹ መርከቡ ላይ ሳሉ ጥገኝነት አልጠየቁም። ማን ጠይቋቸው! ፍርድ ቤቱም ያለው ይህንኑ ነው። ሊቢያ ውስጥ ስደተኛ ምን እንደሚደርስበት በአደባባይ ይታወቃል፤ ማጣራት ያለበት መላሹ መንግሥት ነው። ባሕሩ የጣሊያን ግዛት አለመሆኑም አላዳናትም። ሰውን መርከብህ ላይ ካወጣኸው እጅህ ላይ ነው። የካቲት 2012 እ.ኤ.አ. ላይ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ በጣሊያን ላይ ፈረዱ፣ ለእያንዳንዳቸው 15 ሺህ ዩሮ ካሳ ወሰኑ። ፍርዱ ሲነበብ ከ24ቱ ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም።

ከጀርባው ደግሞ ስምምነት ነበር። ጣሊያንና ሊቢያ ከዚያ በፊት ባሕሩን አብረው ለመጠበቅ ተፈራርመዋል። ወርቂትን አስታወሳችሁ? እሷ እንኳ ያሰበችው ለልጇ ነው።

ፍርድ ቤቱ ሌላም ነገር አለ። ሊቢያ ራሷ ሰዎቹን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ ልትልካቸው ትችላለች፤ ይህም የጣሊያን ጥፋት ነው። በሌላ ሰው እጅ መመለስም መመለስ ነው። እንግሊዝ ይህን የተማረችው በኋላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልላክ ብላ ተዋዋለች። በኅዳር 2023 የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይሆንም አላት፤ ሩዋንዳ ሰዎቹን ሸሽተው ወደመጡበት ልትመልሳቸው የምትችልበት እውነተኛ ስጋት አለ በሚል። ፓርላማው ሩዋንዳ ደህና አገር ናት ብሎ በሕግ ደነገገ። ደህንነት በአዋጅ ሲታወጅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በ2024 የመጣው አዲስ መንግሥት በግድ የተላከ አንድም ሰው ሳይኖር ዕቅዱን ጣለው።

ሕጉ ቀዳዳ የለውም ወይ? አለው። አንቀጽ 33 ራሱ ለአገር ደህንነት አደጋ የሆነ፣ ወይም በከባድ ወንጀል በመጨረሻ ፍርድ የተፈረደበት ሰው በዚህ አንቀጽ አይጠለልም ይላል። የ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) የማሰቃየት ድርጊትን የሚከለክለው ስምምነት ግን አንቀጽ 3 ላይ ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ማሰቃየት ይደርስበታል ተብሎ የሚታመንበት ቦታ ሌባም ሆነ ነፍሰ ገዳይ አይላክም። ከፈለግህ እዚያው ክሰሰው፣ እዚያው እሰረው።

አሁን ወደ ቤታችን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አረብ አገር ዘመድ የሌለው እጁን ያውጣ ብል ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም። ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ የአፋር በረሃ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ ሳዑዲ። መንገዱን ከእኔ ይልቅ ደላላው ያውቀዋል። መመለሱንም እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተጭኖ ቦሌ ወረደ። ከዚያ ወዲህም ማባራት የለውም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ከሄዱት አብዛኞቹ በሕጉ ዓይን ስደተኞች አይደሉም። ሥራ ፍለጋ ነው የሄዱት። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሠራተኛ አንድ አገር ቢመልስ፣ በሥርዓት እስከመለሰ ድረስ፣ ዛሬ የማወራውን ሕግ አልጣሰም። በሥርዓት የሚለው ግን ትልቅ ነገር ነው። የመብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ብሏል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ያ ሌላ ሕግ ነው፤ የመኖር መብት ነው።

ደግሞም ከሺዎቹ መካከል መመለስ የማይገባቸው አሉ። ፖለቲካ ያሳደደው፣ ቤተሰቡ በግጭት ያለቀበት። ሁሉም አንድ ማቆያ ውስጥ፣ አንድ አውሮፕላን ላይ ነው የሚጫኑት። ማን ለያቸው?

አንድ የወረባቦ ልጅ የነገረኝን ልንገራችሁ። ማቆያ ውስጥ ከርሟል። አንድ ቀን ጠዋት ተሰለፉ ተባሉ። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት፣ ጎኑ የቀለም ሰሌዳ። ወረቀቱ በአረብኛ ነው። እሱ አረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። አንዱ አውራ ጣቱን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፣ ሦስት ቦታ። ቀለሙን ሸሚዙ ላይ ጠረገው። "ምን እንደሚል አልጠየቅህም?" አልኩት። "ኧረ ማንን ልጠይቅ?" አለኝ። "ቀጥሎ ያለው ከኋላዬ እየገፋ።"

ምናልባት ወረቀቱ በፈቃዴ ተመልሻለሁ ይል ይሆናል። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ብዙ አለ። የአዲስ አበባው ስምምነት ግን ስደተኛ ወደ አገሩ የሚመለሰው በራሱ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። ታስሮ፣ ተርቦ፣ ሳያነብ ያስቀመጠው አሻራ ፈቃድ አይባልም።

ሌላውን ስንከስ ራሳችንንም እንይ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ስደተኛ ከሚያስጠልሉ አገሮች አንዷ ናት። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አለ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ከአህጉሩ ጥሩ ከሚባሉት ሕጎች ይመደባል፤ አስገድዶ መመለስንም ይከለክላል። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የመብት ባለሙያዎች ኢትዮጵያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንን በጅምላ መመለሷን በይፋ ተቃውመዋል። ጥሩ አዋጅ ያላት አገርም ሳትጠይቅ ልትመልስ ትችላለች ማለት ነው። ሳዑዲ ላይ የሚያንገበግበን ነገር እዚህ ሲሆን ዝም ካልን፣ ነጃሺን መጥራት አይገባንም።

ድንበር ስላላቋረጡትም ላንሳ፤ ወሎ ላይ ይህን ሳላነሳ ብሄድ ነውር ነው። በ77 ረሃብ ጊዜ መንግሥት ከዚህ ብዙ ሺህ ሰው ጭኖ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ መተከል አሰፈረ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ተይዞ የተጫነም ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከወለጋ በግፍ ተፈናቅለው እዚሁ መጡ። ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያን ያየ ሰው ያውቃል። ዘመድ የቀረለት ዘመዱን ፈልጎ ሄደ፤ ብዙው ግን በወላጆቹ አገር እንግዳ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ቀረ።

እነዚህ በሕጉ ስደተኛ አይባሉም፤ የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ናቸው፣ አንቀጽ 33ም አያገኛቸውም። ለነሱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) የካምፓላ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። እሱም ሕይወታቸው፣ ደህንነታቸው፣ ነፃነታቸው ወይም ጤናቸው አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ በግድ አይመለሱም ይላል። በ2016 ዓ.ም. ወደ ወለጋ የመመለስ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ቀዬው የናፈቀው አለ፣ በደስታ የሚሄድ አለ፤ መብቱ ነው። እርዳታው የቆመበት ሰው ግን መኪናው ላይ ሲወጣ ወዶ ነው ወይስ ርቦት? አውቶብስ ከማቅረቡ በፊት ይህን የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። የሚመለሱበትን ቦታ ከራሳቸው መካከል የተመረጡ ሰዎች አስቀድመው ሄደው ይዩት። ከወረዳ የሚመጣ ሪፖርት ብቻውን አይበቃም፤ ሪፖርት ሁልጊዜ ሰላም ነው።

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች።

አንዲት እናት፣ "ልጄ ከማቆያ ቢደውልልኝ ምን ልበለው?" አሉኝ። እማማ፣ እንዲህ ይበሉት። ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሰራለሁ ብሎ የሚፈራ ከሆነ፣ ፍርሃቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይንገር። የተለየ የሕግ ቃል አያስፈልገውም፤ መመለስ እፈራለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው ማለት ይበቃል። አስተርጓሚ ይጠይቅ። ያላነበበው ላይ አይፈርም፤ አስገድደው ካስፈረሙት ቀኑን ይያዝ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሰው ላግኝ ይበል። ሳዑዲ የ1951ዱን ስምምነት አልፈረመችም፤ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ግን ፈርማለች። የመንና ጅቡቲ የ1951ዱም አባል ናቸው። ታሪኩን ግን አይፍጠር። ደላላ ያስጠናው ታሪክ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል፤ ከዚያ እውነተኛውንም የሚያምነው አያገኝም።

አንድ አባት ደግሞ፣ "የኔን ልጅ ያሰደደው ድርቅ ነው። ድርቅ ስደተኛ ያሰኛል?" አሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። ኪሪባቲ ከምትባል ባሕር እየዋጣት ካለች የደሴቶች አገር የመጣ ቴይቲዮታ የሚባል ሰው ኒውዚላንድ ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሏል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ። ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ አመለከተ። ኮሚቴው በ2020 ይፋ ባደረገው ውሳኔ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ እስከመጣል ከደረሰ መመለስ ክልክል ሊሆን ይችላል አለ። በሱ ጉዳይ ግን አደጋው ገና ነው ብሎ አልፈረደለትም። ስለዚህ ጋሼ፣ በድርቅ ብቻ ልጅዎ ዛሬ ጥገኝነት ማግኘቱ ያጠራጥራል። ድርቁ ላይ ጦርነት ተደርቦበት ከሆነ የወጣው፣ በአዲስ አበባው ስምምነት በሚሠራ አገር ሊያገኝ ይችላል። ሲጠየቅ ድርቁን ብቻ አይንገር፤ ጦርነቱንም ይንገር።